ያልመጡት እንግዶች

በአዋሽ ማዶ ከተማ ቤት ሲሠራ ሰሚ ልስን ይለሰናል። ሰሚ ልስን የነዋሪውን ድምፅና የልብ ምት እያደመጠ፣ ጠብ ወደ ዱላ ሳይዞር የሰው ያለህ ብሎ የሚጣራ ግድግዳ ነው። የሚጠራውም ትርሲት የምትባል ሴት የምትመራውን ቡድን ነው። ፖሊሶች አይደሉም፤ እንግዶች ናቸው። «ቤቶች!» ብለው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። የዚያ ከተማ ወንድ ሚስቱን ባያፍር እንግዳ ያፍራል፤ ቢቃጠልም «ቤት ለእንግዳ» ማለቱ አይቀርም። ሴትዮዋ ልውጣ ካለች ደግሞ ይዘዋት ይወጣሉ።

እንዲህ ሆኖ በአራት ዓመት ውስጥ ከሦስት መቶ ቤት አንዲት ሴት አልተመታችም። ኃጢአታቸውም ይኸው ሆነ።

ቡድኑ የሚተዳደርበትን የመንግሥት ድጎማ የሚያጸድቁት አቶ ልሳኑ በየዓመቱ ስለ ሴቶች መብት ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩን የምትጽፍላቸውን ሴት ስም ግን እስከ ዛሬ አያውቁም።

«እህቴ፣ ቅጹ የሚጠይቀው የተጎጂ ቁጥር ነው» አሏት ትርሲትን። «አንቺ ዜሮ ሞልተሽ ትመጫለሽ። ያልተመታች ሴት ይዤ ለበላይ አካል ምን ልበል?»

«ያልተመታችው እኛ ስለደረስንላት ነው።»

«ይሄ ወሬ ነው። ውጤት አምጪ።»

በሳምንቱ ዘርፌ የምትባል የብሎክ አሥራ አራት ነዋሪ ባሏ መትቷት ክንዷ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ገባች። ግድግዳዋ አልተጣራም ነበር። ትርሲት መመርመሪያዋን ይዛ ሮጠች፤ ልስኑ ላይ ስንጥቅ እንኳ አላገኘችም።

«አልሰማህም?» አለችው ግድግዳውን።

«ሰምቻለሁ። ከመምታቱ አርባ ደቂቃ በፊት አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸንም?»

«እናንተ ከመጣችሁ ምንም አይሆንም። ምንም ካልሆነ ድጎማው ይቋረጣል፤ ሦስት መቶውም ቤት ቢጣራ የሚደርስለት ያጣል። አንድ ክንድ ይበቃል ብዬ አሰላሁ።»

ትርሲት መመርመሪያዋን ከልስኑ ላይ አነሣች። ጥፋቱ የራሷም ነበር። ጸሐፊ የምትቀጥርበት ስላልነበራት የቡድኑን ቅጾች የሚሞላላት ይኸው ልስን ነው፤ ሲሞላ ሲሞላ የመንግሥትን ልብ አወቀ። ቅጾቹን አንድ በአንድ ከትውስታው ፋቀች። ከእንግዲህ እንደ ድሮው ይጣራል።

ብልሽቱን ልትነግራቸው አቶ ልሳኑ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«የምን ብልሽት? ከእናንተ መካከል ቅጹ የገባው ለእሱ ብቻ ነው!» አሉና ቅጹ ያለበትን የአሻራ ሰሌዳ ገፉላት። «የተጎጂዋን አሻራ አስደርጊና አምጪ፤ ነገውኑ ይጸድቃል።»

ፊታቸው ላይ ልትተፋ ምራቋን ሰብስባ ነበር። ሦስት መቶው ቤት ትዝ ሲላት ዋጠችውና ሰሌዳውን ተቀበለች። ራሷንም ናቀች።

ዘርፌን ሐኪም ቤት ክንዷ በጄሶ ታስሮ ትራስ ተደግፋ አገኘቻት። ትርሲት አልዋሸቻትም፤ ሁሉንም ነገረቻት።

«እየሰማ ነው ዝም ያለው?» አለች ዘርፌ።

«እየሰማ ነው።»

«እንግዲያው ሰው ሆኗላ። ጎረቤቶቼም ይሰማሉ።» ግራ እጇን ዘረጋች። «አምጪው ላድርግልሽ። የሌሎቹ እንኳ ይትረፍ።»

ትርሲት ሰሌዳውን ያዘችላት። ዘርፌ አውራ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል ቀና ብላ አየቻት።

«ግድግዳውን ካስተካከልሽው፣ ለከርሞስ የማንን ክንድ ልትወስጂላቸው ነው?»

ዘርፌ መልሱን አልጠበቀችም፤ ጣቷን ተጫነች። ሰሌዳው አረንጓዴ በራና በለሰለሰ የሴት ድምፅ «እንኳን ደስ አላችሁ» አላቸው።