ሁለተኛው ፍሪሲዮን

ተማሪዎቹ «ጋሽ ረጋ» ይሉታል። ስሙ አይደለም፤ ከጧት እስከ ማታ «ረጋ በል፣ ረጋ በይ» ሲል ስለሚውል ያወጡለት ነው። ገና ሠላሳን ያለፈ ሰው «ጋሽ» መባሉ መጀመሪያ ላይ ይከነክነው ነበር። በኋላ ተወው። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ቶሎ ያረጃል፤ በየቀኑ ከግንብ ጋር ሊላተም የደረሰ ሰው ወጣት ነኝ ብሎ ማንን ያታልላል?

የሚሠራው በአክስቱ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ነበር። ማሠልጠኛው ያለችው አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ናት። በተማሪው በኩል ያሉት ፍሬንና ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ፔዳል፣ ፍሪሲዮን፣ በአስተማሪው በኩልም ተገጥመዋል። ተማሪው ሲደናገጥ አስተማሪው የራሱን ይረግጥና ጉዱን ይሸፍናል።

ልጅቷ የመጣችው መኪና ልትማር አልነበረም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የአክስቱን ጉርድ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ በመስኮት በኩል ነጯን መኪና አየቻትና ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ ቀረች።

«ለሴትም ታስተምራላችሁ?» አለች።

«ለሴት ብቻ ባስተምር ደስ ባለኝ» አሉ አክስቱ። «ወንዶቹ እንደሆኑ ሁሉንም አውቀው ነው የሚመጡት።»

ጋሽ ረጋ ከበሩ ሥር ቆሞ ሳቀ። እሷም ዞር ብላ አየችውና ሳቀች። ያን ያህል የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረ ሁለቱም ያወቁት ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው።

ታላቅ ወንድሟ በሩቅ ከተማ ዳቦ ቤት ከፍቷል። ዳቦ ማከፋፈያ መኪና ገዝቶ የሚያምነው ሹፌር አጣ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቦታው የእሷ ነው። እሷም ከልብስ ስፌት ቤቱ ምድር ቤት መውጣት ትፈልግ ነበር። «ፀሐይን የማያት ለምሳ ስወጣ ብቻ ነው» ትል ነበር።

እግሯ የሠለጠነ ነው። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ መርፌውን ከፈለገችው ክር ላይ ቀጥ ታደርገዋለች። በመጀመሪያው ቀን ግን ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቀችው፤ መኪናዋ ዘለለች፣ ግንባሯም መሪውን ከመምታት ለጥቂት ተረፈ። ልጅቷ ሳቀች። መሪውን ግን በሁለት እጇ የሙጥኝ ብላ እንደያዘች ነበር፤ ጋሽ ረጋ አየና አሳዘነችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እሷ ስትነዳ፣ እግሩን በራሱ ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ ይቀመጥ ጀመር። ስትቸኩል ቀስ አድርጎ ይይዝላታል፤ ስትሳሳት ከእሷ ቀድሞ ያርምላታል። ለሌላ ተማሪ አያደርገውም። ጥንቃቄ ነው ብሎ ለራሱ ነግሮት ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ እሱንም እንዲሁ ወሰደው።

«ዛሬስ እንዴት ነኝ?» ትለዋለች ሞተሩን እያጠፋች።

«ጎበዝ ነሽ።»

«እውነት?»

ያን ጊዜ ዓይኗን ማየት ስለሚያቅተው የኋላ መስታወቱን ያስተካክላል። መስታወቱ ደህና ነበር።

ፈተናው ደረሰ። ፈታኙ በጋሽ ረጋ ቦታ ተቀምጦ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ደግማ አስነሣችው፤ ደግሞ ጠፋ። ወደቀች። በሁለተኛውም ፈተና በዚያው ዳገት ላይ ወደቀች። ወንድሟ ደውሎ፣ በሚቀጥለው ካላለፈች ሌላ ሹፌር እንደሚቀጥር አዝኖ ነገራት።

«እጄም ደህና ነው፣ ዓይኔም ደህና ነው» አለች ለጋሽ ረጋ፣ ከማሠልጠኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ። «የከዳኝ እግሬ ነው። እንጀራ የበላሁበት እግር።»

አጠገቧ ተቀምጦ እውነቱን ሊነግራት አሰበ፤ «አይዞሽ» ብቻ ብሎ ተወው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን ያን ቀን ነቀዘ።

በሳምንቱ መኪናዋ ዳገቱ መሀል ላይ እምቢ አለች። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይሄድም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ገፍተው ቀጮ ጋራዥ አደረሷት። ቀጮ ከመኪና ሥር ገብቶ ለመውጣት የተፈጠረ የሚመስል ቀጭን መካኒክ ነው። በማግሥቱ ሁለቱም ሲመጡ ያወጣውን የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያያይዘውን ክብ ሳህን፣ በእጁ ይዞ ጠበቃቸው።

«ተማሪ እንዲህ አይጨርስም» አለ እያገላበጠው። «ተማሪ ያስዘልላል፣ ሞተር ያጠፋል። ይኼ ግን ቀስ እያለ ነው የተቃጠለው። እግሩን ፔዳል ላይ አሳርፎ የሚውል ሰው አለ።»

«እኔ አላሳርፍም» አለች ልጅቷ።

«አንቺን መች አልኩ። ነይ እዪው።»

የመኪናዋን በር ከፍቶ በአስተማሪው በኩል ያለውን ፔዳል አሳያት። የፔዳሉ ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። እሷ በምትረግጠው በኩል ያለው ግን ገና አዲስ ነው።

ልጅቷ ቀና ብላ ጋሽ ረጋን አየችው። እሱ ክው ብሎ ቀርቷል። ቀጮ ነገሩ ገባውና አንድ የማያስፈልገው መፍቻ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የነዳው ማን ነው?»

ጋሽ ረጋ የመኪናዋን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«እኔ እግሬን ረገምኩት እኮ» አለች። «ማታ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሬቱን እየረገጥኩ እለማመድ ነበር። አንተ እያወቅክ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ አጽናናኸኝ።»

ጋሽ ረጋ ወለሉን አየ።

ቀጮ አዲስ ሸራ ያለባቸው ሁለት ካርቶኖች ይዞ ተመለሰ። «በሉ ምረጡ» አለ። «ይኼ ለስላሳ ነው፤ ማሠልጠኛዎች ሁሉ የሚወስዱት። ስትረግጪው ቅቤ ነው፣ ግን መቼ እንደያዘ አይነግርሽም። ይኼኛው ጠንካራ ነው። ጉልበት ያሳምማል፤ ሲይዝ ግን እግርሽ ላይ ታውቂዋለሽ።» ከዚያ ወደ ጋሽ ረጋ ዞረ። «በዚህኛው ላይ ግን እግር አሳርፎ መዋል የለም። ገፍቶ ይመልስሃል።»

አክስቱ «ያንኑ የድሮውን ዓይነት ግዛ» ብለውት ነበር። ለስላሳውን ቢያነሣ ማንም አይጠይቀውም። ልጅቷም ለሦስተኛ ጊዜ ብትወድቅ፣ የሰይጣን ጆሮ ይደፈንና፣ ሌላ ሹፌር ይቀጠራል፣ እሷም እዚሁ ሰፈር በምድር ቤቷ ትቀራለች። በየቀኑ ያያታል። ይህን ማሰቡ ራሱን አሳፈረውና ፊቱ ጋለ።

«ጠንካራውን» አለ።

ልጅቷ አላመሰገነችውም።

የቀረው ጊዜ ለእሱ መከራ ነበር። ሞተሩ ይጠፋል፣ መኪናዋ ትዘልላለች፣ ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ጋሽ ረጋ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ እግሩን ከወንበሩ ሥር አድርጎ ላብ በላብ ይሆናል። ምንም ማድረግ አይችልም። ቀን በቀን ግን መኪናዋ መዝለሏን ቀነሰች። አንድ ቀን ልጅቷ ዳገቱ መሀል ላይ ሆን ብላ ቆመች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ ወደ ኋላ አንዲት ጣት ሳትንሸራተት ወጣች። ጥጉን ያዘችና ቆመች።

«ሰማሁት» አለች። «ሲይዝ ሰማሁት።» ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሄዷል። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ግን ለኔ ብቻ?» አለችው።

ምክንያቱን ያውቀዋል። የፍቅር ነገር ከአፉ አይወጣለትም እንጂ።

«መንገዱን እዪ፣ ረጋ በይ» አለ።

ሦስተኛውን ፈተና አለፈች። ፈታኙ ሳይቀር ጎሽ አላት። አክስቱም አቅፈው ሳሟትና ከዓመታት ወዲህ የፈለጉትን ነገር አነሡ። ሴት አስተማሪ ያስፈልጋቸዋል፤ ብትፈልግ ልምምዷን እዚሁ ትቀጥልና ለአስተማሪነቱ ትዘጋጃለች።

በማግሥቱ ልጅቷ መጣች። ጋሽ ረጋ መኪናዋን እያጠበ ነበር።

«አክስትህ እዚሁ ሥሪ ብለውኛል» አለች።

«ሰማሁ።»

«ወንድሜም እየጠበቀኝ ነው።»

«እሱንም ሰማሁ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«አትሂጂ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን አንድ ጊዜ ሳይጠይቃት ይዟት፣ የእሷን ነገር በሱ እግር ነድቶ፣ ሊያጠፋት ነበር። ሁለተኛ ላያደርገው ለራሱ ምሏል። አሁን «ቅሪ» ቢላት ያው ያንኑ ማድረጉ መሰለው። ስለዚህ ከፍቅሩ ሁሉ ትልቁን ሊሰጣት ተነሣ።

«ምርጫው ያንቺ ነው» አለ። «እኔ ጣልቃ አልገባም።»

ውሃው ከባልዲው አፍ እየፈሰሰ ጫማዋን ሲያርሰው አልሸሸችም።

«ሌላ የምትለኝ ነገር የለም?»

«ዳገት ላይ አትቸኩይ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሱ ግን የመለያየት እንባ መሰለው።

ወደ ወንድሟ ከተማ ከሄደች ከሳምንት በኋላ ነው አክስቱ ነገሩን ያነሡበት። ሻይ እያማሰሉ፣ «ለመሆኑ ልጅቷን ምን ብለሃት ነው?» አሉት።

«ምርጫው ያንቺ ነው አልኳት።»

አክስቱ ማንኪያውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ እሷ እኮ ከመረጠች ሰነበተች። ‹እሱ ካፉ አንዲት ቃል ካወጣ እቀራለሁ› ብላኝ ነው ወዳንተ የመጣችው።»

ጋሽ ረጋ ኩም አለ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥቶ ደወለላት። ስልኩን ያነሣው ወንድሟ ነው።

«እየነዳች ነው» አለ ወንድሟ። ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል። «ስትነዳ ስልክ አታነሣም። ማን ልበላት?»

«አስተማሪዋ ነኝ።»

«አንተ ነህ እንዴ? እጅህ ይባረክ። ይኼን የኛን ዳገት እንደ ሜዳ ነው የምትወጣው፤ ሰው ቆሞ ያያታል። ምን ልንገርልህ? አጠገቤ ናት።»

የፍቅሩ ቃል በወንድም በኩል የሚላክ አልነበረም።

«በርቺ ብሏል በላት» አለና ስልኩን ዘጋው።