የእማማ አስካለ ደህናዬ

«የአራተኛው ተንሳፋፊ ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ ዛሬ ማለዳ ከእንቅልፋቸው መንቃታቸውን የጤና ልኬት ማዕከል በታላቅ ክብር ያስታውቃል።»

ድምፁ በየበረንዳው ተሰማ። ሰዉ ፊቱን እየታጠበ አዳመጠ፤ መንቃቱን ያወቀው ያኔ የሆነም አልጠፋም።

ማዕከሉ ይህን የሚያውቀው በደህናዬ ነው። ደህናዬ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ የእጅ አንጓ ላይ ተለጥፋ የልብ ትርታን፣ ደምንና እንቅልፍን የምትለካ ነገር ናት። የሁሉም ተደምሮ ሲካፈል የሰፈሩ ጤና ይወጣል። ልቡ የደከመ ሰው ሐይቁ ማዶ ወዳለው የማረፊያ ደሴት ይወሰዳል፤ እዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ክፍልና አንድ ማሽን ይሰጠዋል። ማሽኑ በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ?» ይላል። መልስ ግን አይጠብቅም።

የማዕከሉ ባለሙያ ውብዓለም በዚያ ሐሙስ በጀልባ የመጣችው አንዲት ደህናዬ ተበላሽታለች ተብሎ ነው። ባለቤቷ እማማ አስካለ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። መለኪያቸው እንደምትለው ግን ሰኞ ኳስ ተጫውተዋል፣ ማክሰኞ የዱቄት ጆንያ ተሸክመዋል፣ ረቡዕ ደግሞ ልብስ ሲሰፉ ውለዋል።

እማማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወንድይራድ እንደ ጠበቃ ተሰይመዋል። ጎረቤቱም ሌላ ሥራ እንደሌለው ሁሉ ከቧቸዋል።

«እማማ፣ ሰኞ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» አለች ውብዓለም።

እማማ ወደ ጋሽ ወንድይራድ ዞሩ። «ምን ስሠራ ዋልኩ?»

«ኳስ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

«ኳስ። በረኛ ነኝ።»

«በረኛ ይህን ያህል ይሮጣል?»

«ኳሱ ሐይቅ እየገባ ምን ላድርግ ልጄ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእማማ ልብ ከደከመ ቆይቷል። የደሴቱ ወሬ የተነሳ ቀን እህል አልቀምስም አሉ። እድሩም ተሰብስቦ ደህናዬያቸው በተራ እንድትዞር ወሰነ፤ ጉልበት ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቀን ይለጥፋታል። ውብዓለም ይህን ገና ጀልባው ላይ ሳለች ገምታዋለች። መገመቷን ግን ለራሷም አልነገረችም።

«አሮጌዋን እፈትሻለሁ» አለች። «ከዚያ አዲስ እለጥፍልዎታለሁ። አዲሷ ልብዎ ደክሟል ካለች ዛሬውኑ አብረን ወደ ደሴቱ እንሄዳለን። ሕጉ ነው።»

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አብሮኝ የሚሄድ ሰው ይፈቀዳል?»

«አይፈቀድም።»

ውብዓለም አሮጌዋን ደህናዬ መፈተሻው ላይ አስቀመጠቻት። የማለዳው ድምፅ በዚያው ክብሩ ተናገረ፦

«የተከበሩ ወይዘሮ አስካለ፣ የትናንቱ ደምዎ እንደሚያሳየው ነፍሰ ጡር ነዎት። እንኳን ደስ አለዎት። ነፍሰ ጡር እስክትወልድ ድረስ ከሰፈሯ አትነሳም፤ መለኪያዋም አይቀየርም።»

የሳቀ ሰው የለም። ውብዓለም ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባትየው ይታወቃል?»

እማማ እንደገና ወደ ጋሽ ወንድይራድ ዞሩ። ጋሽ ወንድይራድ ጥቂት አሰቡ።

«የእድሩ ነው» አሉ።

የመፈተሻው ገጽ ሁለት ምርጫ አወጣ፦ «ብልሽት» እና «ትክክል»። የውብዓለም ጣት መሃል ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ትክክል» የሚለውን ነካች።

«እንግዲህ ከባድ ዕቃ እንዳያነሱ» አለች። «በረኝነቱም ይቅርብዎ።»

«ይቅርብኝ» አሉ እማማ፣ እንደ ታዛዥ ልጅ።

ከሰዉ ኋላ ልብስ ሰፊዋ ናርዶስ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ትናንት ተራው የእሷ ነበር። ባሏ ሱራፌል አያት፤ ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ መቀመጫውን በእጅጌው ጠረገላት። ሰዉ ማንም ሳያዘው ጠጋ ጠጋ ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ውብዓለምም አብራ ጠጋ አለች።