ስልሳውን ኪሎ ሜትር ማን ነዳው?

አሰልጣኝ ኣክሊሉ ከአትላስ ጀርባ ባለው የብስክሌት ክለብ ዕቃ ቤት፣ ጭንቅላቱ ከብረት ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ሞቶ ሲገኝ ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። አንገትጌው ተቀዷል፤ ሰውነቱ አልቀዘቀዘም። ያገኘችው የክለቡ መካኒክ አለም ናት።

ኢንስፔክተር ሰኪና መቀመጥ አልሆን ብሏት በግቢው ትንጎራደዳለች። አለቃዋ በየአሥር ደቂቃው ይደውላል። «ሃይደርን አስረሽ አምጪው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሃይደር የአርባ አንድ ዓመት ብስክሌተኛ ነው። ኣክሊሉ ትናንት «አርጅተሃል» ብሎ ከውጭ አገር ውድድር ሰርዞታል። ሰኪና ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ባይ ናት።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ለጣፎን አልፌ ስነዳ። ብቻዬን።»

«መንገዱንና ፍጥነቱን የሚመዘግበው መለኪያህስ?»

«ረስቼው ወጣሁ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

የሃያ ሁለት ዓመቱ የክለቡ ብስክሌተኛ ሚስባህ እንዲህ ያለ ጭንቅ የለበትም። «ይኸው፣ ራስዎ ይዩት» ብሎ መለኪያውን ሰጣት። ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ለጣፎን አልፎ ደርሶ መልስ፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር።

ሰኪና አለምን ወደ ጥግ ወሰደቻት። «ብስክሌተኛ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ምኑ ነው?»

«ድንገት መፈትለኩ። ጽናቱ ግን ይቆያል፤ አቀበት ላይ ልጆቹን የሚያስለከልካቸው ጋሽ ሃይደር ነው።»

ሰኪና ሦስቱንም ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሚስባህ፣ መለኪያህ እንደሚያሳየው ባለፈው ውድድር መጨረሻ ላይ በሰዓት ስልሳ አምስት ኪሎ ሜትር ተፈትልከሃል። የዛሬው ነጂ ሲኤምሲ ሜዳማው መንገድ ላይ ሦስቴ ሞክሮ ከአርባ ስምንት አላለፈም።»

«ደክሞኝ ነበር።»

«የደከመማ ሲመለስ ይዝላል። ይኼኛው አቀበቱን ከአንተ ምርጥ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ፣ ሲመለስም ፍጥነቱ አልቀነሰም። እዚህ እንዲህ ያለ እግር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ሲተኛ ሌላው መለኪያውን በኪሱ ይዞለት እየነዳ፣ ልምምድ እንደሠራ ማስመሰል ልማዳችሁ ነው አይደል? ኣክሊሉ ነቅቶባችኋል። ስልኩ ላይ ያለው የመጨረሻ ጥሪም ወደ አንተ ነው።»

ልማዱን የምታውቀው አለም አንገቷን ደፋች። ሚስባህ ወደ ኋላው አፈገፈገ። «ልሰርዝህ ነው አለኝ… ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም!»

ሲወስዱት ሰኪና ወደ ሃይደር ዞረች። «አንተ ልትታሰር ነበር እኮ! ለምን ዝም አልክ?»

«የተኛ መስሎኝ ነው የነዳሁለት። መለኪያውን መልሼለት የአሰልጣኙን ሬሳ ሳይ ገባኝ። ግን ከኮምቦልቻ ሳመጣው ከእናቱ አደራ ተቀብዬ ነው፤ አፌ እምቢ አለኝ።»

ነፃ መውጣቱ ምንም አላስደሰተውም። የእጅ ስልኩ ጮኸ። የሚስባህ እናት ናት።

«ደህና ነው፣ እህቴ» አለ ከልማዱ። ልጇን የጫነው የፖሊስ መኪና ከግቢው እየወጣ ነበር።