ሚስት ያልተፈቀደለት መምህር

ሴፕቲመስ ሬድፈርንን ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ። ዘጠኝ! አሁንም ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። አንድ ቀን ሴፕቲመስ ዝናብ ያራሰው የዓረብኛ መጽሐፍ ታቅፎ ሱቃችን ገባ። ቀና ብሎ ሲያየኝ የመጣበትን ጉዳይ ረሳው፤ እኔም መጠየቁን ረሳሁ።

እሱ ኮሌጁ ውስጥ የሚኖር የዓረብኛና የጥንት ሶርያውያን ቋንቋ የሆነው የሱርስት መምህር ነበር። የኮሌጅ መምህር ካገባ ክፍሉንም እንጀራውንም ያጣል፤ ሕጉ ነው። ሚስት የሚፈቀደው ለፕሮፌሰር ብቻ ነው። ስለዚህ የዓረብኛ ፕሮፌሰርነቱን ወንበር የያዙት ሽማግሌ እስኪሞቱ ጠበቅን። ጤናቸውን በጠየቅኩ ቁጥር እግዜር ይቅር ይበለኝ እል ነበር።

እስከዚያው ደብዳቤዎቹን እገለብጥለት ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ወደ ላይፕዚግ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሞሱል። የሞሱል ቀሳውስትን ጉንፋን ሳይቀር አውቃለሁ። ለእኔ የጻፈልኝ ግን በጣት ይቆጠራል።

በዘጠነኛው ዓመት ሽማግሌው ሞቱ። አዲሱን ፕሮፌሰር የሚመርጡት ሰዎች ሊሰበሰቡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ሴፕቲመስ ለመጽሔት የሚላክ ረጅም ደብዳቤ ይዞ መጣ። ቄስ ዊንተርቦርን ባሳተሙት የሱርስት መጽሐፍ ውስጥ አርባ አንድ ስህተት ቆጥሮባቸዋል። ቄሱ ደግሞ ከመራጮቹ አንዱ ናቸው!

«አብደሃል?»

«ስህተት ነው እኮ፣ ሄስተር።»

«ሁለት ሳምንት ቢቆይ ይሸታል?»

«ተማሪዎች እያነበቡት ነው።»

«እኔስ? ሠላሳ ዓመት ሞላኝ!»

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ከምርጫው በኋላ ካወጣሁት ፈርቼ ነበር ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

በንዴት ገለበጥኩት። ፖስታ ቤት ያደረስኩትም እኔው ነኝ። እሳት ውስጥ መወርወር እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጡት። ሰውየው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በየማለዳው ወንዝ ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ ጤነኛ!

«ሂድልኝ» አልኩት ሴፕቲመስን። «ከእንግዲህ ደብዳቤህን ሌላ ሰው ይገልብጥልህ።»

ሄደ። ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። እኔም ኩራቴን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ኩራት ግን ናፍቆት አያስታግስም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ በራችን ተንኳኳ። ሴፕቲመስ ነው፤ ከኋላው መጽሐፍ የተቆለለበት የእጅ ጋሪ ቆሟል።

«ለቀቅኩ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ኮሌጁን። ብራድፎርድ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ላቲን እንዳስተምር ቀጥሮኛል። ዓረብኛ የሚጠይቀኝ የለም። ካገባሽኝ…»

ጋሪውን አየሁ፤ መልሼ እሱን አየሁ።

«ይኼን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ማድረግ አይቻልም ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቻል ነበር» አለ።

በሩን ፊቱ ላይ መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁትም። እያለቀስኩ ከጋሪው ላይ አንድ ክምር መጽሐፍ አነሳሁና ይዤ ገባሁ።