እፍ የሚሉት መብራት አይደለም

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ደግሞ እኔ በጥላዬ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። እኔን ኦርፋን የሚያውቅ ሁሉ "ያቺ ምላሳም" ይላል እንጂ "ያቺ ፈሪ" ያለኝ ሰው የለም።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ብቻ ልንገራችሁ...

የካቲት ነበር። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ፣ ከወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ያለው ቤታችን ከጠዋት ጀምሮ በረዶ እየወረደበት ነበር።

ልብ በሉልኝ፣ ሌሊት አይደለም። መብራት የሚበራበት ሰዓት ገና አልደረሰም።

ያስፈራኝም እሱ ነው።

ባሌ ሆሲያ አዲስ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ጎረቤቶቻችን በሻማና በላምባ ሲያመሹ፣ እሱ ምድር ቤታችን ውስጥ መብራት የሚሠራ ማሽን አስተከለ።

ማሽኑ እስከ ግማሹ ውሃ የተሞላ ትልቅ የብረት በርሜል ነው። ድንጋይ የተሞላ ሳጥን በገመድ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ሲወርድ በርሜሉን ያዞረዋል። በርሜሉ አየሩን ገፍቶ ጓሮ ወደተቀበረው የቤንዚን ጋን ይልከዋል። አየሩ እዚያ የቤንዚኑን ተን ጠጥቶ ይመለስና በየግድግዳው ባለው ቧንቧ ጫፍ ላይ ይነድዳል።

በርሜሉ ሲዞር "ጉልክ... ጉልክ..." ይላል። ሠራተኛችን ዴሊያ "ሰካራሙ" የሚል ስም አወጣችለት።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። የቤቱ መብራቶች በሙሉ ከተዘጉ ድንጋዩ አይወርድም። በርሜሉም አይዞርም። ሰካራሙ ዝም ይላል።

ከዞረ ግን... የሆነ ቦታ የተከፈተ ቧንቧ አለ ማለት ነው።

አማቴ አስናት ከዚህ ማሽን ጋር አንድ ቀን እንኳን አልተስማሙም። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሻማ የኖሩ ሴት ነበሩ። ማታ ሲተኙ መብራቱን እንደ ሻማ እፍ ይሉታል። እሳቱ ይጠፋል፤ ተኑ ግን መውጣቱን አይተውም።

"እማዬ! እፍ የሚሉት መብራት አይደለም! የቧንቧውን መዝጊያ አዙሪው!" ሆሲያ ይጮኻል።

"እሳት የሚጠፋው በትንፋሽ ነው" ይላሉ፣ የናና ከረሜላቸውን በጉንጫቸው እያገላበጡ። ያቺ ከረሜላ ከአፋቸው ጠፍታ አታውቅም። "ምን፣ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነኝ መዝጊያ ሳዞር የማመሸው?"

ባለፈው መኸር አንድ ማታ ሆሲያ ትዕግሥቱ አለቀ።

"አንቺ አንድ ቀን ሁላችንንም ትጨርሺናለሽ!" አላቸው።

ደህና እደር እንኳን አላሉትም፤ እሱም ደህና እደሪ አላላቸውም። ወደ ክፍላቸው ወጡ፣ መብራታቸውን እፍ አሉ...

ጠዋት አልነቁም።

ሆሲያ የክፍላቸውን መብራት ነቀለ። የቧንቧውን ጫፍ በብረት ክዳን ጠረቀመው። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኮሪደሩ ላይ ባለ ምስማር ሰቀለው። ምድር ቤት ያለውን የዋናውን መዝጊያ እጀታ ደግሞ ማንም እንዳይነካው ነቅሎ በኪሱ ይዞት መዞር ጀመረ። ስለ እናቱ ግን ትንፍሽ ሳይል ክረምቱ ገባ።

ያን ሐሙስ እሱ ወደ ከተማ ወርዷል። የአምስት ዓመቷ ልጃችን ዊኒ ሳል ይዟት ነበርና ከሐኪሙ መድኃኒት ሊያመጣ ነው። ዊኒ ፎቅ ላይ፣ ከአያቷ ክፍል አጠገብ ተኝታለች። እኔና ዴሊያ ወጥ ቤት ነን። ምድጃው ቀልቶ ይነድዳል።

ድንች ላመጣ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

ጉልክ...

ቆምኩ።

ጉልክ... ጉልክ...

ሳጥኑን አየሁት። እየወረደ ነው።

"ዴሊያ!" ብዬ ተጣራሁ። "የትኛውን መብራት ነው የከፈትሽው?"

"በቀን መብራት? እሜቴ፣ ምን ሆነዋል?" አለች ከላይ እየሳቀች።

"ሰካራሙ እየጠጣ ነው!"

ሳቋ ቆመ። ይህች ልጅ የአማቴን ሬሳ ያጠበች ናት። ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ እኩል ታውቃለች።

ክፍል ለክፍል ዞርን። ሳሎኑ ዝግ ነው። መኝታ ቤታችን ዝግ ነው። የዊኒም መብራት ዝግ ነው፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የአማቴ በር እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉም ምስማሩ ላይ አለ።

ነፍሴ መለስ አለች። ግን ተመልሰን ስንወርድ...

ጉልክ... ጉልክ...

"ሁሉም ዝግ ነው እኮ" አለች ዴሊያ፣ በሹክሹክታ።

"የዋናው መዝጊያ እጀታ ሆሲያ ኪስ ውስጥ ነው። ያን የድንች ሣጥን ግፊ።"

የድንቹን ሣጥን ገፍተን ከሚወርደው ድንጋይ ሥር አስገባነው። ድንጋዩ ላዩ ላይ አረፈ። ገመዱ ላላ። በርሜሉ ቆመ።

ዴሊያ አማተበችና ሳቀች። "ኧረ በማርያም! እኔ እኮ ሰካራም ሲያስቸግር ወንበር ነው የሚሰጠው ብዬ..."

ጉልክ።

ሁለታችንም ዞረን አየን።

ድንጋዩ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ገመዱ ላልቶ መሬት ነክቷል። የሚጎትተው ነገር የለም።

በርሜሉ ግን እየዞረ ነው።

ደግሞም ከቅድሙ ፈጥኖ።

ክው አልኩ። እንዴት ደረጃውን እንደወጣሁ አላውቅም። ወጥ ቤት ስደርስ ሽታው ቀድሞኝ ገብቷል። ጣፈጥ ያለ፣ ራስ የሚያዞር የቤንዚን ሽታ።

ጭስ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ይህ ተን ግን ይከብዳል። እንደ ውሃ ደረጃ ለደረጃ ወደ ታች ይፈስሳል። ታች ደግሞ ምድጃው ፍሙን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"ምድጃውን አጥፊው!" አልኩ።

ዴሊያ ውሃ አልፈለገችም። የሾርባውን ድስት አንስታ ፍሙ ላይ ገለበጠችው።

"ራታችን ነው!" አልኳት። ሰው በዚያ ሰዓት እንዲህ ይላል? ብቻ አልኩት።

"ልጅቱን ያምጡ እሜቴ! ልጅቱን!"

ወደ ላይ ሮጥኩ።

የዊኒ አልጋ ባዶ ነበር።

እና የአማቴ በር... ተከፍቷል።

ቁልፉ ያው ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አልተነካም።

ዊኒ የአያቷ አልጋ ጫፍ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። ከጭንቅላቷ በላይ የቧንቧው ጫፍ "እስስስስ..." ይላል። ክዳኑ የለም። ሆሲያ በመፍቻ ያጠበቀው ክዳን ትራሱ ላይ፣ ልክ ሰው አስተካክሎ እንዳስቀመጠው፣ ተቀምጧል።

"ዊኒ! ማን ከፈተልሽ?"

"አያቴ ጠራችኝ" አለች። ድምፅዋ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። "ጨለማ ነው፣ ነይ አብረን እንቀመጥ አለችኝ።"

በአንድ ጉንጯ የሆነ ነገር እያገላበጠች ነው።

"አፍሽ ውስጥ ምንድነው?"

ምላሷን አውጥታ አሳየችኝ።

የናና ከረሜላ።

ክዳኑን አንስቼ ልገጥመው ሞከርኩ፤ አመለጠኝ። መስኮቱን ገፋሁት፤ በበረዶ ተጣብቋል። ልጄን አቅፌ ወጣሁ።

የፊት በራችን ከጠዋት ጀምሮ በበረዶ ተቀብሯል። አንድ መውጫ ብቻ ነው ያለን። በእኛ አገር ቤትና በረት የተያያዙ ናቸው፤ ከወጥ ቤት በማገዶው ክፍል አልፈህ ውጪን ሳትረግጥ በረት ትገባለህ። ወደዚያ ሮጥን።

የማገዶው ክፍል ጨለማ ነው። የወጥ ቤቱን በር ዘግተን መጣን። በሩ ግን ከሥሩ ሰፊ ክፍተት አለው። ተኑ ተከትሎን ገባ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማኛል።

ያኔ ነው የፈረሱ ቃጭል በረት ውስጥ የተሰማው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሆሲያ መጣ! ግን ወዲያው አሰብኩት...

ሆሲያ ከበረት ሲመጣ ሁልጊዜ ፋኖስ ይዞ ነው። ጉልበቱ አጠገብ፣ ዝቅ አድርጎ።

በበረቱ በር ስንጥቅ ቢጫ ብርሃን ታየ። ወዲህ ወዲያ እየተወዛወዘ ቀረበ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሳል ቀደመኝ።

"ፋኖሱን ያጥፉ! ጌታዬ፣ ፋኖሱን!" ዴሊያ ጮኸች። ጣራውን ነፋሱ ይደበድበዋል። ሆሲያ ደግሞ ጆሮውን በቆብ ሸፍኗል።

በሩ ተከፈተ።

"ምነው እዚህ ጨለማ ውስጥ?" አለ እየሳቀ። "እኔን ልትቀበሉ ነው?"

አንድ እርምጃ ወደ እኛ ተራመደ። ፋኖሱ ከጉልበቱ በታች ይወዛወዛል። የዊኒን ጭንቅላት ደረቴ ላይ ሸሸግኩት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ያኔ በጆሮዬ አጠገብ የናና ሽታ መጣ።

እና...

"እፍ።"

ፋኖሱ ጠፋ።

ነፋስ ገብቶ አይደለም። የፋኖሱ መስታወት ዝግ ነበር። የአሮጊት ትንፋሽ፣ ቀስ ያለ፣ ሻማ አጥፍታ የምትተኛ ሴት ትንፋሽ ነበር።

"ኦርፋ..." አለ ሆሲያ ከጨለማው ውስጥ። ድምፁ ተለውጧል። "አንቺ ነሽ እፍ ያልሽው?"

"እኔ እዚህ ነኝ" አልኩት። "ካንተ ሩቅ ነኝ።"

ክብሪት አልጫርንም። በዳበሳ በረት ገባን። ፈረሱ ገና አልተፈታም ነበርና የበረዶ ጋሪው ላይ ተሳፍረን፣ ያለ መብራት፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ላቲመር ቤት መውረድ ጀመርን። መንገድ ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ልጓሙን ይዞ ሰማኝ።

"በርሜሉ ያለ ድንጋይ አይዞርም" አለ።

"ዞረ።"

"ክዳኑ በእጅ አይፈታም።"

"ተፈታ።"

ዊኒ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንገቷን አወጣች። "አባዬ፣ አያቴ ተቆጥታሃለች። ደህና እደሪ ሳትላት ተኛች።"

ሆሲያ ፈረሱን አቆመው።

በረዶው ጋብ ብሎ ነበር። ሦስታችንም ዞረን ቤቱን አየነው። ዴሊያ ቀና ብላ አላየችም፤ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ጸሎት ላይ ናት።

ፎቅ ላይ፣ የአማቴ መስኮት ላይ፣ መብራት ይበራል።

ያ ቤት ከጣራ እስከ ምድር ቤት በተን ተሞልቷል። አንዲት የክብሪት ብልጭታ ልታፈነዳው ትችላለች። ጆሮዬን ይዤ ፍንዳታውን ጠበቅኩ...

ምንም።

ትንሽ፣ ቢጫ፣ የረጋ ነበልባል ብቻ።

ሆሲያ ቆቡን አወለቀ። ከእናቱ ቀብር ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

"እማዬ" አለ። "ደህና እደሪ።"

ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ተኛ፣ ከቅርብ እንደተነፈሱበት።

ከዚያ ጠፋ።