አክስቴ ስትሄድ አክስቴ መጣች

«አክስቴ ስትሄድ አክስቴ መጣች።»

ሳቂታ ከክፍሉ ፊት ቆማ ይህን ከድርሰቷ ስታነብ የቋንቋ መምህርቷ እጃቸውን አንስተው አስቆሟትና እስቲ ድገሚው አሏት። ደገመችው። መምህርቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሄደችውም የመጣችውም አንዲት አክስት ናት፤ ሰው እንደሄደ ሆኖ አይመለስም ለማለት ነው ብለው አብራሩ። ክፍሉ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጠችው ሚጣ ብቻ ክው ብላ ቀረች።

ሚጣ የጻፈችው «እናቴ ስትሄድ አክስቴ መጣች» ብላ ነበር።

እናቷ አንድ ቀን ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ማንም አላባረራትም፣ አልታመመችም፤ በቃኝ ብላ ነው የሄደችው። ሚጣ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነው» ትላለች። እውነቱን የጻፈችው አንዴ ብቻ ነው፤ ድርሰት ጻፉ የተባሉ ጊዜ፣ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል። ጨርሳ ስታነበው አፈረችና ስለ ዝናብ ሌላ ጽፋ አስረከበች። የመጀመሪያውን ለማጥፋት ግን እጇ እምቢ አላት፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተወችው።

እናቷ እንዴት አክስት እንደሆነችም አልጠፋትም፤ ቃል የሚቀይረውን የኮምፒውተር መሣሪያ የሠራችው ራሷ ናትና። «ቀይር» ትለዋለች። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ምልክት የለው፤ የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። ቀይር፣ ከዚያ የድሮው ቃል፣ ከዚያ አዲሱ ቃል፣ በመጨረሻ የጽሑፉ ስም። ቃሉን ካለበት ሁሉ ለቅሞ ይቀይረዋል፤ የድሮውን አያስቀርም። የትምህርት ቤቱን መጽሔት ለማጽዳት ነው የሠራችው፤ ተማሪ እንዳሻው የበተነውን ክፍት ቦታ ያጠባል፣ አንዱ በ«ሀ» ሌላው በ«ሐ» የጻፈውን አንድ ያደርጋል። ሳቂታን አጠገቧ አስቀምጣ ያስተማረቻት እሷው ናት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

መሣሪያው ደግሞ ሳቂታ ያዘዘችውን እንጂ ሌላ አያውቅም። እናቴ የተባለችውን ሁሉ አክስቴ ሲያደርግ፣ ቀድሞውንም አክስት የነበረችው ከመሀል ተቀላቅላ ጠፋች። መምህርቷ ያደነቁት ይህንን ነው።

በእረፍት ሰዓት ሚጣ ሳቂታን ደረጃው ሥር አገኘቻት። ሳቂታ አልካደችም። መጀመሪያ ሳቀች፤ ስትደነግጥም መሳቅ ልማዷ ነው።

«አላስረከብሽውም እኮ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።»

«የኔ ነው።»

«ስምሽን ጠራሁ? እናትሽን ጠራሁ? እንዲያውም ደበቅኩልሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሂጂና ለቲቸር ንገሪያቸዋ። እናትሽ የት ናት ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው?»

ሚጣ ትታት ወደ ክፍል ተመለሰች። ስርቆቱን እንኳ ትችለው ነበር። የመረራት ሌላ ነው፤ ይህች አብራት የምትቀመጥ፣ ምሳዋን የምትካፈላት ልጅ ሁሉን አንብባ፣ ሁሉን አውቃ፣ አንዲት ቀን «እንዴት ነሽ?» አላለቻትም። የጓደኛዋን ቁስል አይታ ለውጤት ይሆነኛል ብላ ወሰደችው።

ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ መጡ። የሳቂታ ድርሰት የመጽሔቱ መክፈቻ ሊሆን ነው፤ ሚጣ እንደተለመደው አጽድታ ለማተሚያ ቤት ታዘጋጀው። ያቺን ዐረፍተ ነገር ግን ስህተት መስሏት እንዳትነካት አደራ አሏት። በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ፤ ለክፋት አልነበረም።

«የዝናቡን አንብቤዋለሁ። ማሽን ላይ ጎበዝ ነሽ፣ የኔ ልጅ። ስሜትን ግን ከጓደኛሽ ተማሪ።»

ሚጣ ብቻዋን ቀረች። እንዳለ ብትልከው ማንም አያውቅባትም፤ የእናቷም ነገር እንደተሸፈነ ይኖራል። ሆድ ይፍጀው ማለት ነው። እጇ ግን ጥቁሩን መስኮት ከፈተ። ቀይር፣ አክስቴ፣ እናቴ ብላ የድርሰቱን ስም አስከተለችና ትእዛዙን ሰጠች። ዓይን ሳይጨፈን አለቀ። ያቺን ዐረፍተ ነገር ፈልጋ አነበበች።

«እናቴ ስትሄድ እናቴ መጣች።»

እንዲህ ሆኖ ቢሆንማ ድርሰቱም ባልተጻፈ ነበር። ለጥቂት ጊዜ እንዳለ ተወችው፤ ለማየት ያህል።

መሣሪያው ከዚህ በላይ አይረዳትም። የትኛዋ እንደሄደች፣ የትኛዋ ልብሷን በፌስታል ይዛ መጥታ ከጎኗ እንደተኛች የምታውቀው ሚጣ ብቻ ናት። ሁለተኛዋን «እናቴ» አንድ አንድ ፊደል እያለች በእጇ አጠፋችና «አክስቴ» ብላ ጻፈች፤ አክስቷ ባለችበት ሌላ ቦታም እንዲሁ አደረገች። አናት ላይ የሳቂታን ስም አንስታ የራሷን አስገባች። እንዲሁ ለማተሚያ ቤት መላክም ትችል ነበር፤ ሌባ ግን ሳቂታ ትበቃለች። አተመችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነገ በየኮሪደሩ ምን እንደሚባል አሁኑኑ ይሰማታል፤ ሳቂታም ከእንግዲህ አጠገቧ አትቀመጥም። ወረቀቱን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። በሩ ክፍት ነበር፤ መምህርቷ ከደብተር ክምር ላይ ቀና አሉ።

«ቲቸር፣» አለች፣ «ያቺን ዐረፍተ ነገር ነክቻታለሁ።»