ቀኝ ብዬ የጻፍኩት ጉልበት

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፣ እኔ የዛር ወሬ፣ የጋኔን ወሬ፣ የሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ እናቴ እንኳ ሕልሟን ለኔ መንገር ከተወች ቆይታለች። ስለዚህ ይህን የምነግርህ ላስፈራህ ብዬ አይደለም፣ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ሥራዬ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የጻፈውን በሽታ አነብና ኮዱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ፣ ሲያወሩት ቀላል ነው፣ ግን ጉልበት ብቻውን ስንት ዓይነት ኮድ እንዳለው ብታይ ትገረማለህ፣ የጅማት መበጠስ ሌላ፣ በእርጅና የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ሌላ፣ ውኃ መቋጠር ሌላ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀኝ ከሆነ አንድ፣ ግራ ከሆነ ሁለት። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ሳልገልጥ በቃሌ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ ጉራ አይደለም፣ አጠገቤ የምትሠራዋን ብርቱካንን ጠይቃት።

ሐኪሞች ሲጣደፉ ቀኝ ወይም ግራ ብለው አይጽፉም፣ ሁለት ጉልበት ይሥሉና የታመመው ላይ ኤክስ ያደርጋሉ። እኔም ወንበሬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ የራሴን ጉልበቶች ቁልቁል አይና ሥዕሉን ከነሱ ጋር አመሳክራለሁ፣ በቀኜ በኩል ያለው ቀኝ፣ በግራዬ በኩል ያለው ግራ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም፣ ራሴ ያገኘሁት ዘዴ ነው፣ እኮራበትም ነበር።

ነሐሴ ነው፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሰኞ ከሌላ ከተማ የጉልበት ቀዶ ሐኪም ይመጣል ተብሎ የታካሚዎቹን ዝርዝር እኔ ካስገባሁት ኮድ እያወጣን ነበር፣ ነርሷ ከቀዶው በፊት በማርከር የምትከበው ዝርዝሩ ላይ ያለውን ጉልበት ነው፣ ምላጩ የሚያርፈውም የተከበበው ላይ ነው። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ብርቱካን ሻይ ልታመጣ ወጥታለች፣ እኔም የመጨረሻውን ካርድ አስገባሁ፣ አያ መኩሪያ፣ ከአይከል ወዲያ ካለ ገጠር፣ የጉልበት ጅማት መበጠስ፣ ቀኝ።

ያን ጊዜ ነው ከመደርደሪያው ጀርባ የሰማሁት። መጀመሪያ የዱላ ድምፅ፣ ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ቀጭ የሚል ነገር፣ ያረጀ ጉልበት ሲታጠፍ የሚያሰማው ዓይነት። አይጥ ነው አልኩ። እንደገና ዱላ፣ እርምጃ፣ ቀጭ። አይጥ ደግሞ ዱላ አይዝም፣ እመነኝ፣ ክፍላችንም ያለው አንድ በር ብቻ ነው፣ እሱም ፊት ለፊቴ።

ከካርዶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ፣ ጋቢያቸው ውኃ ያንጠባጥባል። አልደነገጥኩም፣ እውነቴን ነው፣ ወረፋ ሰልችቷቸው ሾልከው የሚገቡ ሰዎች ሞልተዋል፣ ብርቱካን ስትወጣ ገብተው ይሆናል ብዬ ካርድ የሚወጣው በመስኮት እንደሆነ በትሕትና ነገርኳቸው። እሳቸው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

“ጉልበቴን ምን ብለህ ጻፍኸው?” አሉኝ።

ስማቸውን ጠየቅኋቸው፣ መኩሪያ አሉኝ፣ ካርዳቸው እንደ አጋጣሚ ፊቴ ነው። የጅማት መበጠስ፣ ቀኝ፣ ብዬ እንደጻፍኩ ኮራ ብዬ ነገርኳቸው።

“ሸጋ። ምነው ታዲያ በደኅነኛው ላይ ጻፍኸው?”

ሳቄ መጣ። ሥዕሉን አሳየኋቸውና ኤክሱ በቀኝ በኩል እንዳለ አስረዳኋቸው። ተነሱ፣ ቀጭ አለ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሙ።

“ወረቀቱን አቁመው፣” አሉ፣ “እንደኔ ፊት ለፊትህ ይቁም።”

አቆምኩት። አጎንብሰው እርጥብ ጣታቸውን ኤክሱ ላይ አሳረፉ፣ በሌላው እጃቸው ደግሞ በዚያው ወገን ያለውን የራሳቸውን ጉልበት ነኩ። ግራቸው ነው።

“ሐኪሙ የሣለኝ ፊት ለፊቴ ሆኖ ነው ልጄ። አንተ የጻፍኸው የራስህን ጉልበት ነው።”

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ አንዱን ደምስሼ ሁለት አደረግሁት፣ ቀና ስል ሰው የለም። አግዳሚው ደረቅ፣ ወለሉ ደረቅ፣ ካርዱ ላይ ብቻ የጣት እርጥበት አለ። ሮጬ ወጣሁ፣ ብርቱካን ሁለት ብርጭቆ ይዛ በረዶው እስኪያባራ በራችን ሥር ተጠግታ ቆማለች፣ ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም አለች። ነገሩን ስነግራት ሳቀችና፣ “አንተ ግጥም ስትጽፍ ባደርክ ቁጥር እንዲህ ነህ፣ ሻይህን ጠጣ” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት አያ መኩሪያ በቃሬዛ መጡ፣ ፊታቸው ያው ፊት ነው፣ እኔን ግን አላወቁኝም። ሐሙስ መጥተው እንደነበር ስጠይቅ አብራቸው የመጣችው ሴት ልጃቸው ተቆጣች፣ ወንዙ ሞልቶ ሰው አያሻግርም ነበር፣ አባቷም ከአልጋ መውረድ ካቃታቸው ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። ሽማግሌው ግን እጄን ያዙኝ።

“ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሕመሙ ድንገት ለቀቀኝ፣” አሉ። “ግራ ጉልበቴን ብነካው የሌላ ሰው ሥጋ መሰለኝ። ልጄን ጠርቼ፣ እግሬ አለ ወይ አልኋት።”

ልጅቷን አየኋት፣ እውነት ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ግራው ተከፈተ፣ ጅማቱም ተበጥሶ ተገኘ፣ ዛሬ በምርኩዝ እርሻቸው ድረስ ይወርዳሉ አሉ። እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ብሎኝ አወራልህ ነበር። ግን በዚያ ወንበር ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ያ ሥዕል የመጀመሪያዬ አይደለም። ለኃላፊዬ ነገርኩት፣ ሥዕል ብቻ ያለባቸውን ካርዶች ከብርቱካን ጋር አንድ በአንድ እያወጣን ነው፣ አብዛኞቹ ለቀዶ ሕክምና ያልደረሱ ናቸው፣ አስተካከልናቸው። ትናንት ግን ድብ ባሕር የምትኖር የአንዲት ሴት ካርድ አገኘን፣ ሥዕሉ አቁመው ሲያዩት ግራ፣ የኔ ኮድ ቀኝ፣ ከሥሩም ቀዶ ሕክምናው እንደተደረገ ተጽፏል፣ ቀኝ ላይ። ስልኳ አይነሳም። ነገ ማለዳ ወደዚያ በሚሄደው መኪና እሳፈራለሁ፣ እውነቱን እነግራታለሁ፣ እሱን ቆርጫለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፣ የሳቸው ጉልበት ያን የሞላ ወንዝ ተሻግሮ ከመጣ የሷ ለምን አልመጣም፣ ወይስ መጥቶ እዚያ አግዳሚ ላይ ስንት ቀን ተቀምጦ፣ እኔ ነኝ ቀና ብዬ ያላየሁት።